አንድ ቃል በሦስት ማጉያ፤ በሰመራ ከተሰማ ድምፅ የተነሣ ሂስ

አንድን የኮምፒዩተር ድምፅ በአንድ ጊዜ በሁለትና በሦስት ማጉያ እንዴት ማሰማት እንደሚቻል የሚያሳይ ሰው አይጠፋም። የሚያሳየን ሁሉ ግን «ከሁሉም ድምፅ ከወጣ ሥራው አለቀ» ብሎ ይነሣል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንነቅፈው ይህንን ፍርድ ነው። ድምፁ ከሁሉም መውጣቱ የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው፤ ይልቁንም ብዙው አድማጭ በአፋርኛ እያሰበ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ የሚነገረውን በሚከታተልባት በሰመራ ከተማ።

ለጽሑፋችን ምክንያት የሆነው አንድ የጤና ትምህርት ስብሰባ ነው። ሙቀቱ በርትቶ ስለ ነበረ አዳራሹ ያልበቃው ሰው ከደጃፉ ውጭ በተጣለው ዳስ ጥላ ሥር ተቀመጠ። የተቀረጸው ትምህርት ከአንድ ላፕቶፕ ይሰማል፤ በፊት በኩል ሁለት ማጉያዎች በሽቦ ተያይዘዋል፤ ከዳሱ ጫፍ ደግሞ አንድ የብሉቱዝ ማጉያ ፊቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ ቆሟል። ከፊት የተቀመጡት ደኅና ሰሙ። በደጃፉና በዳሱ ያሉት ግን እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ ይሰሙ ነበር፤ «ውሃ አፍሉ» ሲባል የመጀመሪያው «አፍሉ» ከሁለተኛው «ውሃ» ጋር ይጋጫል። አንድ አዛውንት ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል ብለው ምን እንደ ተባለ በአፋርኛ ጠየቁት፤ እርሱም አልሰማሁም አላቸው። አሰናጁ ችግሩ የድምፅ ማነስ መስሎት ሁሉንም ከፍ አደረገ፤ ገደል ማሚቶውም አብሮ ከፍ አለ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ጧት በሰልፍ ስንዘምር የኋላው ረድፍ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀር ነበር፤ በስንፍናም ይወቀስ ነበር። ጥፋቱ ግን የአየር ነበር። ድምፅ በአየር ውስጥ ሲጓዝ፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በሰከንድ 343 ሜትር ያኽል፣ 40 ዲግሪ ሲሆን 355 ሜትር ያኽል ይሄዳል። ከመድረኩ እስከ ዳሱ ጫፍ በእርምጃ የለካነው 36 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የፊተኛው ድምፅ እዚያ የሚደርሰው ከ100 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። (የሰመራ ሙቀት ነገሩን ይለውጠው ይሆን ብለን ነበር፤ ስናሰላው ልዩነቱ 4 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሙቀቱን በዚህ አንከሰውም።)

ሔልሙት ሐስ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1949 በጌቲንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ፣ የአንድ ንግግር ሁለተኛ ቅጂ ከመጀመሪያው በ30 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ተከትሎ ከደረሰ ጆሮ ሁለቱን አንድ አድርጎ እንደሚቀበል አሳይቷል። ወደ 50 ሲጠጋና ሲያልፍ ቃሉ መከፈል ይጀምራል። ተራ የብሉቱዝ ማጉያ ደግሞ ድምፁን ጨምቆ እስኪቀበል፣ አጠራቅሞም እስኪፈታ ድረስ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። የእኛውን 200 ነው ብንል፣ በዳሱ ጫፍ ያለው ሰው ሁለቱን ድምፆች በ100 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት ይሰማል፤ መካከል ላይ ባለው ደጃፍ የተቀመጠው ግን በ200። ለሁለቱም ማጉያዎች እኩል የቀረበው ሰው ከሁሉ የባሰ መስማቱ መጀመሪያ ገርሞን ነበር።

መዘግየት ራሱ ነውር አይደለም። በለንደን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተተከሉት ማጉያዎች፣ የራቁት የተናጋሪው ድምፅ በአየር እስኪደርስ ድረስ እንዲጠብቁ ሆን ተብሎ በሚሽከረከር መግነጢሳዊ ጎማ እንዲዘገዩ ተደርገው ነበር። ለሰመራውም ስብሰባ ማጉያውን ከዳሱ ጫፍ አንሥቶ፣ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ደጃፍ ላይ ማቆምና ጠቅላላ መዘግየቱን 60 ሚሊ ሰከንድ ያኽል ማድረግ በቂ ይሆን ነበር። ሁለቱ ድምፆች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚጓዙ ልዩነቱ እስከ ዳሱ ጫፍ ሳይለወጥ ይቆያል።

ሁለተኛው ጉድለት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ ድምፁን የሚያወጣው በራሱ የክሪስታል ሰዓት እየቆጠረ ነው፤ ሁለት ሰዓቶች ደግሞ ፈጽሞ አይተካከሉም። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ቢሆን በ5 ደቂቃ 15 ሚሊ ሰከንድ፣ በአንድ ሰዓት ግን 180 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። የሚያርመው ከሌለ ወይ ይራራቃሉ፣ ወይም ድምፁ እየተቆራረጠ ይንኳኳል። አሰናጁ ጧት አምስት ደቂቃ ሞክሮ «ደኅና ነው» ቢል አልዋሸም።

እንግዲህ ፕሮግራሞቹን በዚህ ሚዛን እንመዝናቸው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ ድምፅን የሚልከው ወደ አንድ መውጫ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስቴሪዮ ሚክስ በሚባለው የመቅጃ በር ድምፁን መልሶ ያስገባና ወደ ሁለተኛው ማጉያ ይመራዋል። ይህ ዘዴ በሁሉም ኮምፒዩተር አይገኝም፤ በተገኘበትም ቅጂው ከዋናው ዘግይቶ ይወጣል፤ የመዘግየቱን ልክ የሚያስተካክሉበት ቦታም የለውም። እኛ ለአዳራሽ አንመክረውም። ቮይስሚተር የተሻለ ነው፤ አንደኛውን መውጫ ሰዓት አድርጎ ሌሎቹን ያስከትላል፤ ለየመውጫውም በሚሊ ሰከንድ የተለካ መዘግየት ይቀበላል። ነገር ግን ፊቱ በመዘውር የተሞላ ስለ ሆነ፣ ስብሰባ እየመራ ማጉያም የሚጠብቅ ሰው በአንድ ንክኪ ሁሉንም ሊያጠፋው ይችላል። በማክ ኮምፒዩተር ብዙ መውጫዎችን አጣምሮ የሰዓት መራራቅን ማረም በአንድ ምልክት ይፈጸማል፤ ዳሩ ግን ከተጣመሩ በኋላ የድምፁ ከፍታ ከቁልፍ ሰሌዳው አይታዘዝም፤ በስብሰባ መካከል ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። በሊኑክስ ያለው ፐልስኦዲዮ በየጊዜው የእያንዳንዱን መውጫ መዘግየት እየለካ ያስተካክላል። ከሁሉም አሠራሩን የወደድንለት ይህ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚከፈት ስለ ሆነ ሰውን ያስፈራል።

በበኩላችን ከእነዚህ ሁሉ የምንመርጠው ከኮምፒዩተሩ አንድ መውጫ ብቻ ወስዶ፣ በሽቦ ወደ ሚክሰር አግብቶ ከዚያ ወዲያ ማከፋፈልን ነው። ሰዓቱ አንድ ይሆናል፤ የራቀውንም ማጉያ መዘግየት በሚሰጥ ሚክሰር ማስተካከል ይቻላል። ሽቦው ገንዘብ ያስወጣል፣ ሰውም ይረግጠዋል፣ ብሉቱዝ ርካሽ ነው የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የርካሽነቱን ዋጋ ማን ይከፍላል? በገደል ማሚቶ ውስጥ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያዳምጥ ሰው፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚያዳምጠው ይልቅ ብዙ ቃል እንደሚያመልጠው በዚህ ዘርፍ የተደረጉ ምርመራዎች አሳይተዋል። አማርኛ አፉን የፈታ ሰው የጎደለውን ቃል በግምት ይሞላል፤ አዛውንቱ ከምን ይሞሉታል?

አፋሮች ዳጉ በሚሉት የወሬ ልውውጥ አንዱ ሲናገር ሌላው ያደምጣል፤ ያልገባውንም ይጠይቃል። በዚያ ቀን ስብሰባው ካለቀ በኋላ ከፊት ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት የዳሱን ሰዎች ዙሪያውን አስቀምጦ ትምህርቱን በአፋርኛ ደገመላቸው፤ አዛውንቱም ሦስት ጊዜ አቋርጠው ጠየቁት።

እ.ኤ.አ. በ2022 አውራካስት ተብሎ የወጣው አዲሱ የብሉቱዝ ሥርዓት አንድን ድምፅ ለማይወሰን ቁጥር ተቀባይ ይበትናል፤ ተቀባዮቹም በተነገራቸው ቅጽበት እኩል ያሰማሉ። ሁለት ሥርጭት ጎን ለጎን መክፈትም ስለሚቻል አማርኛው በአንዱ፣ አፋርኛው በሌላው ሊሄድ ይችላል። ይህን የሚቀበል ማጉያና የጆሮ ማዳመጫ በእጃችን እስኪገባ ድረስ ግን ስብሰባ የሚያሰናዱ ጓደኞቻችን አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንለምናለን፤ ሰው ከመግባቱ በፊት አንድ ጭብጨባ ቀርጸው በሁሉም ማጉያ ያሰሙና ደጃፍ ላይ ቆመው ያዳምጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላም ይድገሙት። ስሌታችን የተሳሳተበት ቦታ ካለ የፊዚክስ መምህራን ቢያርሙልን ደስ ይለናል።