ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት

ኮምፒዩተር ውስጥ ተሰክቶ ቮልቴጅ የሚያነበው የናሽናል ኢንስትሩመንትስ ፒሲአይ-6221 ካርድ ሲታይ ብዙም አይማርክም። ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ ሰሌዳ፣ ጥቂት ጥቋቁር ቺፖች፣ ጠርዙ ላይ ባለ 68 ፒን ማገናኛ፤ በቃ። ሻጮች ስለሱ ሲናገሩ የሚያስቀድሙት ቁጥር ነው፦ 16 አናሎግ ግብዓት፣ 16 ቢት፣ በሰከንድ 250,000 ንባብ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ቁጥሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ከመድረሱ በፊት የተደረገው ጥንቃቄ ነው።

ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል የተባለውን የሙቀት መለኪያ እንውሰድ። ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የሚሰጠው ቮልቴጅ ከፍ የሚለው በ41 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። ካርዱ ከ-10 እስከ +10 ቮልት እንዲያነብ ከተዘጋጀ፣ ይህ ስፋት በ65,536 ደረጃዎች ስለሚከፈል አንዱ ደረጃ 305 ማይክሮቮልት ይሆናል። ሙቀቱ በሰባት ዲግሪ እስኪጨምር ቁጥሩ ንቅንቅ ላይል ይችላል ማለት ነው። ስፋቱን ወደ ±0.2 ቮልት ስናወርደው ግን ካርዱ ላይ ያለው አምፕሊፋየር ሲግናሉን ከቀድሞው 50 እጥፍ ያጎላዋል፤ አንዱ ደረጃም ወደ 6 ማይክሮቮልት፣ ማለትም ወደ አንድ ሰባተኛ ዲግሪ ግድም ይወርዳል። በዚህ መጠን የካርዱ የራሱ ጫጫታ ከደረጃው ይበልጣል። ፍጥነቱ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጫጫታውን ለመቀነስ ሺህ ንባብ ሰብስቦ አማካዩን መውሰድ ጊዜ አይፈጅም።

አሥራ ስድስቱን ግብዓቶች የሚያስተናግደው አናሎጉን ወደ ዲጂታል የሚለውጥ አንድ መለወጫ ብቻ ነው። መልቲፕሌክሰሩ በየተራ ያገናኛቸዋል፤ በሙሉ ፍጥነት ሲሄድ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ማይክሮሰከንድ ነው። አንዱ ቻናል 10 ቮልት፣ ቀጣዩ ደግሞ አንድ መቶኛ ቮልት ቢሆን አምፕሊፋየሩ በዚያች ቅጽበት ከላይ ወደ ታች ወርዶ፣ መወዛወዙን ትቶ መርጋት አለበት። ካልረጋ የቀድሞው ቻናል ጥላ በሚቀጥለው ላይ ያርፋል። ስለዚህ ትንንሽ ሲግናሎችን አጎራብቶ ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው።

የፒኖቹ አደራደር ደግሞ የአስተዋይ ሰው እጅ እንዳለበት ያስታውቃል። 68ኛውና 34ኛው ፒን ፊት ለፊት ናቸው፤ የሁለት ሽቦዎችን ልዩነት በሚያነበው የዲፈረንሻል አሠራር የመጀመሪያው ሲግናል ሁለቱ ጫፎች የሚገቡት በነሱ ነው። ከ68 ቀጥሎ ያለው 67 ግራውንድ ነው። ለካርዱ የተሠራው ጥሩ ገመድ ውስጥ አናሎግ ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠማዘዋል፤ ዲጂታል መስመሮቹ ለብቻቸው ተከልለዋል። ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ የተጠማዘዙትን ሁለት ሽቦዎች በሞላ ጎደል እኩል ስለሚነካቸው፣ አምፕሊፋየሩ አንዱን ከሌላው ሲቀንስ ጉርምርምታው ይጠፋል፤ የሚቀረው ሲግናሉ ነው።

አሁን በጣም ወደምወደው ክፍል ልምጣ። ማንኛውም መለኪያ ትንሽ ይስታል፤ ሙቀቱ ሲለዋወጥ፣ ዕድሜውም ሲገፋ ስህተቱ ይቀያየራል። የተለመደው እርማት በሁለት ነጥብ ነበር፦ ዜሮ እና አንድ የታወቀ ቮልቴጅ፣ በመሃላቸውም ቀጥ ያለ መስመር። የመለወጫው መስመር ግን ትንሽ ይጎብጣል። ጉብጠቱን ለማወቅ በርካታ የታወቁ ቮልቴጆች ያስፈልጋሉ፤ በሬዚስተር ከፋፍለን እናግኛቸው ብንል ደግሞ ሬዚስተሮቹም በተራቸው ይስታሉ።

የካርዱ መሐንዲሶች ያስተዋሉት ነገር ይኸውና፦ ቮልቴጅን በትክክል መከፋፈል ይከብዳል፣ ጊዜን መከፋፈል ግን ይቀላል። ካርዱ ላይ አንድ የተረጋጋ የማመሳከሪያ ቮልቴጅ አለ። እሱን በፍጥነት እያበሩ ያጠፉታል። የበራበት ጊዜ ግማሽ ከሆነ ተጣርቶ የሚወጣው አማካይ ግማሽ ቮልቴጅ ነው፤ ሩብ ከሆነም ሩብ። በዚህ መንገድ ከአንድ ቮልቴጅ የሚፈለገውን ያህል ደረጃ ማውጣት ይቻላል። ካርዱ እያንዳንዱን በራሱ መለወጫ ያነባል፤ ሶፍትዌሩ የተነበበውን መሆን ከነበረበት ጋር አስተያይቶ ጉብጠቱን የሚያቀና የሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል ያሰላል። የቀመሩ ቁጥሮች የሚቀመጡት ኮምፒዩተሩ ላይ ሳይሆን ካርዱ ውስጥ ባለ ሚሞሪ ነው። ካርዱን ነቅለው ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰኩት እርማቱን ይዞ ይሄዳል። ማመሳከሪያው ራሱም ስለሚያረጅ በየጊዜው ከውጭ በተሻለ መለኪያ መፈተሽ አለበት፤ በመሃል ግን ተጠቃሚው ጥቂት ጊዜ ጠብቆ፣ ሽቦ ሳይነካ፣ የታረመ ካርድ ያገኛል። በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ከዚህ የጠራ ሐሳብ ብዙ አላየሁም።

ፒሲአይ ማስገቢያ ያላቸው ኮምፒዩተሮች ዛሬ እየጠፉ ነው። ተተኪው ፒሲአይ ኤክስፕረስ-6321 የሚሰካው በአዲሱ ማስገቢያ ነው፤ የ68ቱን ፒኖች አናሎግ ቅደም ተከተል ግን እንዳለ ጠብቆታል። ከዓመታት በፊት በጥንቃቄ የተዘረጋ ሽቦ ያለው ላቦራቶሪ ያንኑ ገመድ አዲሱ ካርድ ላይ ሰክቶ ሥራውን ይቀጥላል።