ጦስኝ ቀዝቅዞ ሲጠጣ!

ሰዎች፣ ጦስኝን አቀዝቅዛችሁ ጠጥታችሁ ታውቃላችሁ? ትኩሱን አላልኩም! ትኩሱንማ ጉንፋን በያዘን፣ ሆዳችን በተነፋ ቁጥር ስንጎነጨው ኖረናል፤ ለዚህም ይመስለኛል መድኃኒት ተብሎ የቀረው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። የሚያዝያ ፀሐይ ግንደወይን ከተማ ላይ አናት ሲበሳ፣ የገበያ አቧራ ለብሶ ለመጣ ሰው፣ ከእንስራ የተቀዳ ቀዝቃዛ ጦስኝ፣ ሎሚ ጠብ ጠብ ተደርጎበት! አቤት! መጀመሪያ ሎሚው ምላስ ይቆነጥጣል፣ ከዚያ ጦስኙ ሲወርድ ቅዝቃዜው እስከ ደረት ይሰማል፣ ስትተነፍሱ ደግሞ አፍ አፍንጫው ሁሉ ደጋ ደጋ ይሸታል። ከዚህ በኋላ ለስላሳ ምን ያደርግልኛል!

አሠራሩ ቅለቱ ያስቃል። አንድ ሊትር ውሃ አፍልቶ ከእሳት ማውረድ፣ ደርቆ የተፈረፈረ ጦስኝ አራት የሻይ ማንኪያ ጨምሮ መክደን። እዚህ ላይ አደራ! እያንተከተኩ ማፍላት መዓዛውን ለጎረቤት ማደል ነው። ያ ሽታ የሚመጣው ከቅጠሉ ዘይት፣ በተለይ ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉት ነው፤ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናሉ። አክስቴ ይህን ኬሚስትሪ ሰምታ አታውቅም፤ ግን ክዳኑን ከፍቼ ላሽትት ስል "ክደኚው እንጂ፣ ሄደ እኮ!" ብላ እጄን መታችኝ። ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከቆየ ይመራል። ከዚያ አጥልሎ፣ ሲበርድ በንጹሕ ትንሽ እንስራ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ማሳደር ነው። መብራት ቢጠፋስ ማን ግድ ሰጠው! ከሸክላው የሚያልበው እርጥበት ሲተን የውስጡን ሙቀት ይዞት ይሄዳል። ማር የምትወዱ በየብርጭቋችሁ ጨምሩ፤ እንስራው ውስጥ ካደረ ጠጅ ለመሆን ይከጅለዋል።

ደስታዬን እጥፍ ያደረገው ደግሞ ካፌይን የሌለው መሆኑ ነው። ጦስኝ ወገኑ ከናናና ከበሶብላ እንጂ ከቡናም ከሻይ ቅጠልም አይደለም። (ቡናን ከድቼ እንዳይመስላችሁ፤ አቦል ቶና በረካውን ጠጥቼ ነው የማወራው!) ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ብርጭቆ ሙሉ ግጥም አድርጎ እንቅልፍ ሳይሸሽ መተኛት፣ ይህ ቀላል ነገር ነው?

የእጽዋት አጥኚዎች ይህን የደጋ ተክላችንን ቲመስ ሺምፐሪ ይሉታል፤ አገራችን መጥቶ ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ባረፈው ጀርመናዊ፣ በቪልሄልም ሺምፐር ስም። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሮ ቀዝቃዛውን ሳይቀምስ ሄዶ ከሆነ ከልቤ አዝንለታለሁ።

በሚቀጥለው ጠጅ ሣር ልጨምርበት ነው፤ ጓሮ ሞልቶ የለ! ከቢቸና እስከ ሞጣ ያላችሁ ሻይ ቤቶች፣ እናንተስ ምን ትጠብቃላችሁ? በረንዳው ላይ አንድ እንስራ አስቀምጡ፤ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ።