የቀንድ መተርኮሻ

ቀንድ ከእሳት ጋር አይስማማም። ጥፍርና ፀጉር ከተሠሩበት ከኬራቲን የተሠራ ነውና ፍም ሲነካው ይኮማተራል፤ ሽታውም የተቃጠለ ፀጉር ነው። ሲሳብ ደግሞ የሲጋራ ጫፍ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ከቀንድ መተርኮሻ ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው ይህን ሁሉ ማሰብ ነበረበት። ከአባቴ የቀረልኝን መተርኮሻ የሠራው ሰው፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ በደንብ አስቦበታል።

ዕቃው የሰንጋ ቀንድ ከሥሩ፣ ከሰፊው በኩል ተቆርጦ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ ወርድ ከሁሉም በሬ አይገኝም። የቦረና ከብት ቀንዱ አጭር ነው፤ የራያና የአፋር ከብት ግን ረጅምና ወፍራም ቀንድ ያወጣል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ መቀመጫው ነው። ቀንድ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ሠሪው የግድግዳውን ግርጌ በውስጥ በኩል በቀጭኑ ቦርቡሮ፣ ቀንዱ ገና እንደሞቀ ክቡን ወለል ገፍቶ አስገብቶታል፤ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ጨምድዶ ያዘው። ሚስማር የለው፣ ሙጫ የለው። መጋጠሚያው ላይ ጥፍሬን ባስኬድ ምንም አይዘኝም። ውስጡ የሚወጣና የሚገባ የናስ ሳህን አለ፤ ከግድግዳው ትንሽ ስለሚርቅ ትኩሱ አመድ ቀንዱን አያገኘውም። የጠርዙ ማረፊያዎችም ናስ ለብሰዋል፤ ስፋታቸው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሲጋር ማረፊያ ነው፤ ኒያላ ሲጋራ ቢያስቀምጡበት ተንከባሎ ይወድቃል።

መስኮት አጠገብ ኖሮ ፀሐይ አደረቀውና አንድ ጎኑ ተላጠ። ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ቀንድ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ይጠገናል?»

«ቀንድ እንደ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፣ ልጄ። ድርቡን ካልተጋፋኸው እሺ ይልሃል።»

የተነሣውን ልጥ በቀጭን ምላጭ ሥር ሥሩን አጸዱት፤ የዓመታት ቅባት ካለ ማጣበቂያ አይይዝም። ካደረቁት በኋላ ማጣበቂያውን በጥቂቱ አስገብተው፣ በጎማ ላስቲክ ጠቅልለው አሳደሩት። በማግስቱ ሞረድ አላነሡም። የብርጭቆ ስባሪ ይዘው፣ ሁልጊዜ ወደ ልጡ አቅጣጫ ብቻ፣ ይፍቁት ጀመር። ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ማር የመሰለ ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ወረደ። ስባሪው በተቃራኒ ቢሄድ ኖሮ አዲስ ልጥ ያነሣ ነበር። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በውሃ፣ ከሻካራው ወደ ልስልሱ፤ በመጨረሻም በእርጥብ ጨርቅ የተነፋ አመድ። ጥገናው አሁን የሚታየኝ ወደ ብርሃን ሳዞረው ብቻ ነው፤ ያውም ከቀንዱ ጥቁር መስመር ጋር ጎን ለጎን ስለሚሄድ አብሮት የተፈጠረ ይመስላል። እንዲህ ያለ እጅ ከዋናው ሠሪ እጅ አያንስም እላለሁ።

የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስለከለከለ ዛሬ መተርኮሻ የሚያሠራ ብዙ አይደለም። ያለው ሰው ግን ይንከባከበው። አመዱን ሳይበርድ አይድፋ። ናሱን ለብቻው አውጥቶ በሎሚና በአመድ ይሽ፤ በሽቦ ከሆነ ይጫጫራል። ቀንዱን የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ፈጽሞ አይገባም፤ ግድግዳው ከለሰለሰ ወለሉን ይለቀዋል። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ይበቃዋል፤ ሲደርቅ አንድ ጠብታ ዘይት በጣት፣ ያውም ወደ ልጡ አቅጣጫ።