መዝገቡና ባጁ፦ በአንድ የጃፓን ጨዋታ የእድገት ሥርዓት ላይ የቀረበ ሂስ፣ ከሃረና ትምህርት ቤቶች አንጻር

መግቢያ

ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በሚዘጋጁ ጽሑፎች ውስጥ የልጆች ጨዋታ እምብዛም አይነሣም፤ ቢነሣም ጊዜ አባካኝነቱ ተወስቶ ይታለፋል። ይሁን እንጂ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ ማንኛውም ጨዋታ የራሱ የሆነ ሥርዓተ ትምህርት አለው። ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚከተል፣ ተጫዋቹ ምን ሲያሟላ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንደሚያልፍ፣ ቢወድቅስ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ይወስናል። በየካቲት 1988 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1996) በጃፓን ለገበያ የቀረበውና «ፖኬሞን» በሚል ስም በዓለም የታወቀው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ በዚህ ዓይን ቢመረመር ለሙያችን የሚጠቅም ትምህርትም ማስጠንቀቂያም ይገኝበታል።

ጨዋታው ሮቤና ጎባ ይድረስ አይድረስ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ጨዋታው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ዋና ተግባር፣ ማለትም የአካባቢን ፍጡራን ማወቅና መመዝገብ፣ ለባሌ ደጋ ትምህርት ቤቶችም የተሰጠ ተግባር መሆኑ ነው። ጨዋታው ይህን ተግባር በመልካም ሁኔታ ይጀምራል፤ በመጨረሻ ግን ይዘነጋዋል። የተዘነጋበትን ምክንያት መረዳት የዚህ ሂስ ዓላማ ነው።

1. የጨዋታው መነሻና አካሄድ

የጨዋታው ጠንሳሽ ሳቶሺ ታጂሪ ያደገው በቶኪዮ ዳርቻ በምትገኘው ማቺዳ ሲሆን፣ በልጅነቱ ነፍሳትን ከየኩሬውና ከየጫካው መሰብሰብ ይወድ እንደነበረ የታወቀ ነው። ከተማው እየሰፋ ሲሄድ ኩሬውም ጫካውም በሕንፃና በመንገድ ተተኩ። ያ ደስታ ለኋለኞቹ ልጆች በሌላ መልክ ይደርስ ዘንድ ያዘጋጀው ጨዋታ፣ ኒንቴንዶ በሚያመርተው «ጌም ቦይ» በተባለ የእጅ መጫወቻ ላይ ቀረበ። እንግዲህ ጨዋታው ከመነሻው የጠፋ ሜዳ ምትክ ነው።

በጨዋታው መግቢያ ላይ ኦክ የተባለ ሽማግሌ ተመራማሪ ለተጫዋቹ ሁለት ነገሮች ይሰጠዋል። አንደኛው ከሦስት ፍጡራን መካከል ተጫዋቹ የሚመርጠው አንዱ ነው፤ ሁለተኛው ባዶ መዝገብ ነው። ተመራማሪው እድሜ ልኩን ሊፈጽመው ተመኝቶ ያልተሳካለት ሥራ በአገሩ ያሉትን 150 ዓይነት ፍጡራን ሁሉ በዚህ መዝገብ ማስፈር መሆኑን ገልጾ፣ ተግባሩን ለልጁ ያስረክበዋል። ከዚያ በኋላ ልጁ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል። በስምንት ስፍራዎች ስምንት ፈታኝ አሠልጣኞች ይጠብቁታል፤ እያንዳንዳቸውን ባሸነፈ ቁጥር አንድ ባጅ ይቀበላል። ስምንቱን ባጆች የያዘ ወደ አራቱ ታላላቅ ተፋላሚዎች ይቀርባል፤ እነርሱንና የመጨረሻውን ተቀናቃኝ የረታ ደግሞ ሻምፒዮን ይባላል።

2. ሊወረሱ የሚገባቸው ጠባዮች

በቅድሚያ ጨዋታው በትክክል የሠራውን መመስከር ይገባል።

አንደኛ፣ ስም ከስፍራ ጋር ተያይዞ ይሰጣል። አባጨጓሬ መሰሉ ፍጡር በጫካ፣ የሌሊት ወፍ መሰሉ በዋሻ፣ ዓሣ መሰሉ በውኃ ይገኛል። ልጁ የፍጡሩን ስም የሚያውቀው በዝርዝር ተጽፎ ስለተሰጠው ሳይሆን በመኖሪያው ስላገኘው ነው። የዚህ አቀራረብ ኃይል ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ በ109 የእንግሊዝ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የተካሄደ ሲሆን፣ ልጆቹ የአገራቸውን እንስሳትና ዕፅዋት እንዲሁም የጨዋታውን ፍጡራን የያዙ ሥዕሎች እየታዩአቸው ስማቸውን እንዲናገሩ ተጠየቁ። የ4 ዓመት ልጆች ከተፈጥሮ ፍጡራን 32 በመቶ፣ ከጨዋታው ፍጡራን 7 በመቶ ያህሉን ለዩ። በ8 ዓመት ዕድሜ ግን ሁኔታው ተገለበጠ፤ የተፈጥሮው 53 በመቶ ሲሆን የጨዋታው 78 በመቶ ደረሰ። ከዚህ የሚገኘው ትርጉም ግልጽ ነው። ልጆች ብዙ ስሞችን የመያዝ ችሎታ አላቸው፤ የጎደለው ችሎታ ሳይሆን አቀራረብ ነው።

ሁለተኛ፣ በጨዋታው ውስጥ መውደቅ የተማሩትን አያስጥልም። ፍጡራኑ ሁሉ የተሸነፉበት ተጫዋች ግማሽ ገንዘቡን አጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ወደታከመበት ስፍራ ይመለሳል፤ ፍጡራኑም ያለ ክፍያ ይድናሉ። ያገኙት ልምድና በመዝገቡ የሰፈረው ሁሉ ግን እንዳለ ይቆያል። በአንድ ትምህርት በመውደቁ ምክንያት ያለፈባቸውን ትምህርቶች ሁሉ ከሀ ብሎ ከሚጀምር ክፍል ደጋሚ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ለዕቅድ አውጪ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሦስተኛ፣ መዝገቡን ማንም ብቻውን ሊሞላው አይችልም። ጨዋታው በጃፓን «ቀይ» እና «አረንጓዴ» በተባሉ ሁለት እትሞች ሲወጣ፣ በአንዱ የሚገኙ አንዳንድ ፍጡራን በሌላው እንዳይገኙ ሆን ተብሎ ተደርጓል። ሁለት ልጆች መጫወቻዎቻቸውን በገመድ አገናኝተው ካልተለዋወጡ በቀር ሥራው አይጠናቀቅም። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ብቻ መልካቸውን የሚለውጡ አራት ፍጡራንም አሉ። የአንዱ ዕውቀት ያለ ሌላው ጎዶሎ መሆኑን ከዚህ በተሻለ ለሕፃን ማስረዳት ያዳግታል።

3. ፈተናው የሚመዝነውና የማይመዝነው

ዋናው ነቀፌታ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ተመራማሪው በመግቢያው ያዘዘው መዝገቡን እንዲሞሉ ነው፤ በየከተማው በር የቆሙት ፈታኞች ግን ስለ መዝገቡ አንድም ጥያቄ አይጠይቁም። የሚመዝኑት የመፋለም ብርታትን ብቻ ነው። የተመራማሪው ረዳቶች በሦስት ስፍራዎች ቆመው 10፣ 30 እና 50 ዓይነት ለመዘገበ ልጅ መጠነኛ ስጦታ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ያልመዘገበውን መንገድ አይዘጉበትም። መዝገቡን ሁሉ ለሞላ የሚሰጠው ሽልማት አንድ የምስክር ወረቀት ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ የአገሩን ፍጡራን አብዛኛዎቹን ሳያውቅ ሻምፒዮን ሊባል ይችላል።

ብርታቱም ቢሆን ዘወትር ከማስተዋል የሚገኝ አይደለም። በጨዋታው ውኃ እሳትን፣ እሳት ሣርን፣ ሣር ውኃን ያሸንፋል፤ እንዲህ ያለው ዝምድና በ15 ወገኖች መካከል ተዘርግቷል። ይህን ዝምድና የተረዳ ልጅ በጥቂት ድካም ያልፋል። ያልተረዳውም ግን ደካማ ፍጡራንን በዚያው ሣር ውስጥ ሺህ ጊዜ እየደጋገመ በመምታት ደረጃውን ከፍ አድርጎ በጉልበት ማለፍ ይችላል። ሁለቱም የሚቀበሉት ባጅ አንድ ነው። ባጁ የተረዳውን ከደጋገመው አይለይም።

መምህራን ይህን ሁኔታ ለማወቅ ጃፓን መሄድ አያስፈልጋቸውም። በመማሪያ መጽሐፉ መግቢያ ላይ «ተማሪው አካባቢውን ይመረምራል፣ ይመዘግባል» የሚል ዓላማ ይሰፍራል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሚቀርበው ፈተና ግን ትርጓሜን በቃል መያዝን የሚጠይቅ ከሆነ፣ ተማሪውም መምህሩም የሚደክሙት ለሚጠየቀው ነው። ያልተፈተነ ዓላማ የተጻፈ ምኞት ሆኖ ይቀራል። የጨዋታው አዘጋጅ የወደቀበትን ጉድጓድ እኛ ከእርሱ በፊት ቆፍረነዋል።

4. ከጨዋታው የጠፋው ሰንሰለት

ሁለተኛው ነቀፌታ የሳይንስ ነው። በጨዋታው አንድ ፍጡር በዕድሜውና በልምዱ መልኩን ሲቀይር «ዝግመተ ለውጥ» ተካሄደ ይባላል። አባጨጓሬ መሰሉ ፍጡር 7ኛ ደረጃ ሲደርስ በሽፋን ተጠቅልሎ ይደርቃል፤ በ10ኛው ቢራቢሮ ሆኖ ይወጣል። ይህ አንድ ነፍሳት በሕይወቱ ዘመን የሚያልፍበት የአካል ለውጥ እንጂ ዝግመተ ለውጥ አይደለም፤ ዝግመተ ለውጥ በአንድ ግለ ፍጡር ላይ ሳይሆን በብዙ ትውልድ ውስጥ በዘር የሚታይ ነው። ይህን የስም ስሕተት ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ ቢኖር መምህሩ ሊያርመው ይገባል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የግንኙነት መጥፋት ነው። በጨዋታው የሚያዙት ፍጡራን ይፋለማሉ እንጂ አንዱ በሌላው ላይ ተመሥርቶ ሲኖር አይታይም። አንዱ ከሜዳው ቢወሰድ ሌላው አይራብም። በባሌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሳነቴ አምባ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚመገበው ከባሌ ተራሮች በቀር በየትም የማይገኘውን ግዙፍ ፍልፈል ነው። ፍልፈሉ የሚኖረው በሣሩና በአፈሩ ነው፤ ሣሩ ከብት ሲበዛበት ይመናመናል። ከከብቱ ጋር የእረኛው ውሻ ይመጣል፤ ከውሻውም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ይመጣል። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991-92 እና በ2003-04 በባሌ ቀበሮዎች ላይ ከባድ እልቂት አድርሷል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 እንደማይበልጡና ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ እንደሚገኙ ሲታሰብ፣ በአንድ ተማሪ ቤት ያለ ውሻ መከተቡ ወይም አለመከተቡ ምን ያህል ክብደት እንዳለው መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ የባሌ ልጅ መዝገብ ከጨዋታው መዝገብ የሚለየው በዚህ ነው። በዚህኛው መዝገብ ውስጥ የራሱ የቤተሰቡ ከብት፣ ውሻና ማገዶም ይገባሉ። ከስሙ ጎን «ምን ይበላል? ማን ይበላዋል? ምን ያሰጋዋል?» የሚል ዓምድ ከሌለው መዝገቡ የስም ድርድር ብቻ ይሆናል።

5. ከጎባ እስከ ዶሎ መና፦ በተፈጥሮ የተዘጋጀ ቅደም ተከተል

ጨዋታው ደረጃዎቹን በሰው እጅ መሥራት ነበረበት። የባሌ ደጋ ግን በከፍታ የተደለደለ ደረጃ አለው። ከጎባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው የሳነቴ አምባ ይወጣል፤ በስተአጠገቡ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያል። በዚህ ጅብራ፣ ፍልፈልና ቀይ ቀበሮ ይኖራሉ። ቁልቁል ሲወረድ የአስታ ዱር ይከተላል፤ ወደ ሪራ ሲቀረብ ኮሶና ቀርከሃ ይመጣሉ። አብዛኛው ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል የሆነው የባሌ ጦጣም ከዚህ ዱር ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚያ በታች የሃረና ጥቅጥቅ ደን አንበሳውን ሸሽጎ ይዘረጋል፤ በዝቅተኛው ክፍል ቡና ያለ ተካይ በቅሎ ይገኛል። ከዚያም መንገዱ ወደ ዶሎ መና ያወጣል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2023) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ ሀብቱ ነው።

ከላይ የተገለጸውን መሠረት በማድረግ የሚከተሉት አሳቦች ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

ሀ) እያንዳንዱ ተማሪ ባዶ የአካባቢ መዝገብ በደብተር ይያዝ። የሚመዘገበው በዓይን የታየ፣ ዱካው የተገኘ ወይም ከሽማግሌ የተጠየቀ ብቻ ይሁን፤ የተጠየቀው ከታየው ተለይቶ ይጻፍ። መያዝ፣ ማሳደድና ጎጆ ማፍረስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ከጨዋታው የምንወርሰው መዝገቡን እንጂ ወጥመዱን አይደለም።

ለ) ስሙ በቅድሚያ ልጁ በሚማርበት በአፋን ኦሮሞ ይሰፍር፤ የአማርኛውና የሳይንሱ ስም ይከተል። የአገሬው ስም ራሱ ዕውቀት ነው። ቀይ ቀበሮ በአፋን ኦሮሞ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ የሚባለው፣ የምትወልድን ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። በዚህ ስም ውስጥ የእረኞች የረጅም ዘመን ትዝብት ተቀምጧል።

ሐ) የሮቤ፣ የሪራና የዶሎ መና ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ መዝገብ ይለዋወጡ። የሜዳው ልጅ ቀርከሃውን፣ የደኑ ልጅ ጅብራውን በራሱ ትምህርት ቤት ዙሪያ አያገኘውም። በጨዋታው ሁለቱን ልጆች ያገናኘው ገመድ እዚህ መንገዱና የመምህራኑ ትብብር ነው።

መ) ከሁሉ በላይ መዝገቡ ይፈተን። ከዓመቱ የሳይንስ ውጤት የተወሰነው ክፍል ለመዝገቡ ካልተመደበ፣ ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ እንደ ረዳቶቹ ስጦታ የውዴታ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ምዘናውም በስሞቹ ብዛት ሳይሆን ተማሪው በሁለት ፍጡራን መካከል ያለውን ግንኙነት በማስረዳቱ ይሁን፤ አለዚያ ደጋግሞ የመታው ከተረዳው ጋር እኩል ባጅ ይቀበላል።

ሠ) መዝገቡ ያልተሟላ ተማሪ ከቆመበት ይቀጥል እንጂ የሠራው አይሰረዝበት።

ማጠቃለያ

የማቺዳው ልጅ ኩሬውና ጫካው ከጠፉ በኋላ በእጅ በሚያዝ መስታወት ውስጥ ምትክ ሠራላቸው። ሥራው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ስም ማስጠናት ችሏል፤ የጠፋውን ሜዳ ግን አልመለሰም። የሃረና ደን ዛሬም ቆሟል፤ ነገር ግን እየተመነጠረ ነው። የሚጠብቀው ትውልድ ደግሞ አሁን በአንደኛ ደረጃ ክፍል ተቀምጧል። ይህ ትውልድ የሚያውቀው እኛ የጠየቅነውን ያህል ነው። የፈተና ወረቀታችን ስለ ፍልፈሉ፣ ስለ ቀርከሃውና ስለ እረኛው ውሻ የማይጠይቅ ከሆነ፣ ባጁን ሁሉ ለብሶ መዝገቡ ባዶ የሆነ ሻምፒዮን እናስመርቃለን።