የኤፍሬም በግና የራሔል ልቅሶ፦ በበዓል ዋዜማ ስለሚያዝኑ ፊልሞች

የ2014 ዓ.ም. ገና ደቡብ ወሎ የደረሰው ጦርነቱ ከደሴና ከአካባቢዋ ከራቀ አንድ ወር ገደማ ሲሆነው ነበር። በዚያ ዓመት ሐይቅና አምባሰል ላይ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለት ለመጋቢ ቀላል አልነበረም። ከፊቱ ከተቀመጡት ምእመናን መካከል ያልደረሰላቸውን ሰው የሚያስቡ ነበሩና። ያም ሆኖ የብዙዎቻችን ስብከት የዓመት ዓመቱ ስብከት ነበር፦ ደስታ፣ እልልታ፣ መላእክት። ስለ ፊልም በነገረ መለኮት መጽሔት ላይ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ይኸው ነው። አንዳንድ ፊልም ሠሪዎች እኛ በመድረካችን ያልደፈርነውን ደፍረዋል፤ ሐዘንን ከበዓሉ ሳያስወጡ በዓሉን አሳይተዋል።

በምዕራቡ ዓለም ታሪካቸው በገናና በአዲስ ዓመት ሰሞን የሚፈጸም፣ ሳቅና እንባ የተቀላቀለባቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው። «የክረምት በዓላት ፊልሞች» ብለን ብንተረጉማቸው ግን ትርጉሙ እኛን ያሳስተናል። የእኛ ገና በበጋ ነው። ታኅሣሥ 29 ሰማዩ ጥርት ያለ፣ እህሉም ከማሳ ወደ አውድማ የገባ ነው። ክረምት ለእኛ ዝናብና ጭቃ፣ ጎተራም የሚራቆትበት ጊዜ ነው፤ የሚሰናበተውም በመስቀል ሰሞን ነው። ስለዚህ የራሳችንን የክረምት በዓል ፊልም የሚፈልግ ሰው ወደ ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» መሄድ ይኖርበታል። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል «አን ሰርተን ሪጋርድ» በተባለው ክፍል ቀርቧል፤ በዚያ ክፍል የኢትዮጵያ ፊልም ሲታይም የመጀመሪያው ነበር።

ታሪኩ አጭር ነው። ኤፍሬም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱን በድርቅ ዘመን አጥቷል። አባቱ አብርሃም ልጁን ሩቅ አገር ካሉ ዘመዶች ዘንድ አስቀምጦ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። ለልጁ ከቀድሞ ቤቱ የቀረው ቹኒ የተባለ በጉ ብቻ ነው። አጎቱ ሰሎሞን ግን በጉ ለመጪው መስቀል እንደሚታረድ ይነግረዋል። ኤፍሬም ወጥ መሥራት ይችላል፤ አጎቱ ይህን የሴት ሥራ ብሎ ይንቀዋል። ልጁም ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ ሳንቲም በሳንቲም ላይ እያከለ በጉን አትርፎ ወደ አገሩ መመለሻ ይፈልጋል።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት ሰሎሞንን ጨካኝ ሰው አለማድረጉ ነው። ቤቱ ውስጥ የታመመች ሕፃን አለች፤ መሬቱ የሚሰጠው አይበቃም፤ በዓል ደግሞ አባወራ በጎረቤት ፊት የሚለካበት ቀን ነው። ለበዓል በግ ለመግዛት ሲበደር ያየነው አባት ስንት ነው? ፊልሙ ይህን ሰው ይረዳዋል፤ ሆኖም የልጁን እንባ ለእርሱ ብሎ አይሸፍንም። ድካምም አለበት። ካሜራው አረንጓዴውን ተራራ እጅግ ከመውደዱ የተነሣ የቤቱ ችግር አንዳንድ ጊዜ ይደበዝዛል። የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ከወላጆቹ አፍ የሰማ የወሎ ሰው «ድርቁ ራሱ የት አለ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ድርቁ በልጁ ፊት ላይ እንጂ በመሬቱ ላይ ብዙም አይታይም።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ፊልም ስናይ ልንሳሳት የምንችልበት መንገድ አለ። በግ፣ መስቀል፣ አብርሃም፣ ልጅ፤ እነዚህን ቃላት የሰማ ሰባኪ ወዲያው ዘፍጥረት 22ን ገልጦ ቹኒን የመሥዋዕቱ በግ ያደርገዋል። ስሞቹም ወደዚያ ይጋብዛሉ። ሆኖም ታሪኩ እንደዚያ አይሄድም። ይህ አብርሃም ልጁን ይዞ ወደ ተራራ አልወጣም፤ ትቶት ሄደ። በጉም ማንንም አይተካም፤ ልጁ የሚወደው ነገር ሁሉ ቅሪት ነው። ስለዚህ ለዚህ ፊልም ይበልጥ የሚቀርበው ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረው ምሳሌ ነው (2 ሳሙ. 12)። በዚያም ድሃው ያለችው አንዲት በግ ብቻ ናት፤ አብራው ትበላለች፣ በጉያው ትተኛለች፣ እንደ ልጁም ናት። ባለጠጋው እንግዳ ሲመጣበት የድሃውን በግ ወስዶ አረደ። የናታን ጥያቄ ስለ ሥርየት ሳይሆን በድሃ እንባ ስለሚደገስ ድግስ ነው። ፊልሙም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ በፊልሙ አራጁም ድሃ መሆኑ ነው። ቶሎ ብለን ወደ ምሳሌያዊ ፍች ከሮጥን ይህ ጥያቄ ያመልጠናል።

ከስሞቹ ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባን ኤፍሬም የሚለውን ነው። ዮሴፍ ሁለተኛ ልጁን እንዲህ የሰየመው እግዚአብሔር በመከራው አገር ስላፈራው ነው (ዘፍ. 41፥52)። ፍሬና መከራ በአንድ ስም ውስጥ ተቀምጠዋል። ኤፍሬም የራሔል የልጅ ልጅ ነው። በኤርምያስ 31 ራሔል ስለ ልጆቿ ታለቅሳለች፤ ጥቂት ቁጥሮች ወረድ ብሎ ደግሞ ኤፍሬም ሲያለቅስ እግዚአብሔር ይሰማዋል፤ አንጀቱም ይንሰፈሰፍለታል። ማቴዎስ የጌታን ልደት ሲተርክ ያን የራሔል ልቅሶ ወስዶ በቤተልሔም ሕፃናት ግድያ ላይ አኖረው (ማቴ. 2፥16–18)። እንግዲህ የመጀመሪያው ገና ራሱ ያለ ልቅሶ አልተነገረም። ሰብአ ሰገልን እየሰበክን ራሔልን የምንዘል ከሆነ ወንጌላዊው የጻፈውን ሙሉ ታሪክ አልሰበክንም።

የውጭዎቹን ፊልሞች በዚሁ ሚዛን ብንመዝናቸው ጠቃሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የፍራንክ ካፕራ ፊልም፣ ርእሱ «ሕይወት ድንቅ ናት» እንደማለት ነው፣ በገና ዋዜማ ራሱን ሊያጠፋ ድልድይ ላይ የቆመ ጆርጅ ቤይሊ የተባለን ሰው ታሪክ ይተርካል። የመላእክት ትምህርቱን መቀበል አንችልም፤ ሰው ሞቶ መልአክ አይሆንም፣ በመልካም ሥራም ክንፍ አያገኝም። ነገር ግን መጨረሻውን ልብ እንበል። የጠፋውን 8,000 ዶላር የከተማው ሰው አዋጥቶ ይተካል፤ ገንዘቡን የደበቀው ባለጠጋ ፖተር ግን አይጋለጥም፣ አይቀጣም። ደስታው እውነተኛ ነው፤ ፍትሑ ግን ገና አልመጣም። የእኛም በዓል በዚህ መካከል ያለ ነው።

ለመጋቢ ይበልጥ የሚከብደው የክርስቲያን ካሪዮን «ዧዩ ኖኤል» ነው (2005 እ.ኤ.አ.)። እ.ኤ.አ. በ1914 ገና ከየምሽጉ ወጥተው አብረው የዘመሩትን ወታደሮች ታሪክ መሠረት አድርጓል። ፓልመር የተባለው ስኮትላንዳዊ ካህን በሁለቱ ጦር መካከል የገናን ጸሎት ይመራል። በኋላ ጳጳሱ ይገሥጸዋል፤ ለአዲሶቹ ወታደሮችም ጠላትን መግደል የእግዚአብሔር ሥራ እንደሆነ ይሰብካል። ካህኑ የአንገቱን መስቀል አውልቆ ይሄዳል። ፊልሙ ጳጳሱን ያለ ምንም ጥርጥርና ፍርሃት በመሣሉ ነገሩን አቅልሎታል፤ እውነተኛ ሰባኪዎች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ ለመንጋቸው አዝነው ነው። ቢሆንም ጥያቄው አይለቀንም። ጦርነት ባለፈበት አገር በገና ቀን የተናገርነው ቃል ለሚያለቅሱት ምን ሆነላቸው?

እነዚህ ፊልሞች ወንጌል አይደሉም። «ላምብ» የመጨረሻውን በግ አያውቀውም፤ የልጁን መጽናናት በማደግና በመልቀቅ ላይ ያቆመዋል። እኛ ግን የበጉ ታሪክ በመልቀቅ እንደማያበቃ፣ እግዚአብሔር ራሱ የሚያለቅሱትን እንባ እንደሚያብስ እናምናለን (ራእ. 21፥4)። ይህን የምንለው ግን እንባው መኖሩን ካመንን በኋላ ነው፤ የሌለ እንባ አይታበስም። ለሴሚናሪ ተማሪዎች የምመክረው የገናን ስብከት ከማዘጋጀታቸው በፊት ማቴዎስ ምዕራፍ 2ን እስከ መጨረሻው እንዲያነቡ፣ ከዚያም በዚያ ዓመት ሰው የሞተባቸውን ቤቶች በዓሉ ሳይደርስ እንዲጎበኙ ነው። በወሎ ልማድ ሐዘንተኛ በበዓል ብቻውን አይተውም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ይጠይቀዋል። ቤተ ክርስቲያን ከጎረቤት ልታንስ አይገባም።

መስቀልን እንደ ኦርቶዶክስ ወገኖቻችን ባናከብርም፣ በዚያ ሰሞንም ሆነ በገና በየጓሯችን የታሰረ በግ አለ፤ አጠገቡም ሣር የሚያጎርሰው ልጅ አይጠፋም። ለዚያ ልጅ «በዓል ነው፤ አታልቅስ» ማለት ቀላል ነው። ቀድመን አጠገቡ ቁጭ ብለን ለምን እንደሚያለቅስ ብንጠይቀው ግን፣ ከዚያ በኋላ የምንነግረውን የምሥራች ይሰማናል።