እግር የማያውቀው ድንበር

ሳሎኑ ምንጣፍ፣ ወጥ ቤቱ ሴራሚክ በሆነ ቤት የአንጣፊውን ሙያ ለመመዘን የክፍሉን መሐል ማየት አያስፈልግም። መሐሉን ማንም ያነጥፈዋል። ሙያ የሚለየው ሁለቱ ወለሎች በሚገናኙበት፣ ስፋቱ አራት ጣት በማይሞላ ቦታ ላይ ነው። በአሜሪካ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ እንዲህ ያለ ቤት ሞልቷል። ጫማ በር ላይ በሚወልቅበት ቤት ደግሞ የዚህን ቦታ ጉድለት ቀድሞ የሚያገኘው ባዶ እግር ነው።

ከምንጣፉ ጠርዝ ሥር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቀጭን ጣውላ ተመትቷል። በላዩ ላይ ሹል ሚስማሮች ወደ ጠርዙ አዘንብለው ወጥተዋል፤ ተወጥሮ የተሰካባቸው ምንጣፍ ወደ ክፍሉ ልመለስ ቢል ይዘው ያስቀሩታል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ ጣውላው ጋ ሲደርስ ያበቃል። ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ነው። ስፖንጅ ያጣው ጠርዝ ዝቅ ይላል፣ ከሥሩ ሰሌዳና ማጣበቂያ ያለው ሴራሚክ ደግሞ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ የእግር ጣትም ከመሐላቸው ይጋጫል። ምንጣፉ ስስ ሆኖ ሚስማሩ ከረዘመ ጫፉ ብቅ ብሎ ይወጋል።

ብዙዎች መፍትሔው የብረት ላሜራ ከላይ ደርቦ በብሎን ማሰር ይመስላቸዋል። ልክ ሆኖ የተገጠመ ላሜራ ነውር የለበትም። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደረበው ያልተስተካከለውን ለመሸፈን ነው፤ ብሎኑ ሲላላ ጠርዙ ይነሣል፣ ካልሲ ይይዛል፣ እግር ይቧጭራል።

ጥሩ ባለሙያ ሥራውን ከሥር ይጀምራል። አሮጌውን ጣውላ ነቅሎ አዲሱን ከሴራሚኩ ፈቀቅ አድርጎ ይመታዋል፤ የሚተወው ክፍተት ከምንጣፉ ውፍረት ትንሽ ያነሰ ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ጠርዙ ይሰምጣል፣ ከጠበበ ደግሞ ምንጣፉ አልገባ ብሎ ያብጣል። ለስስ ምንጣፍ አጭር ሚስማር ያለውን ጣውላ ይመርጣል። የከፍታውን ልዩነት የሚያስታርቀው ግን በአንድ በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ሌላው እየሳሳ በሚሄድ እንጨት ወይም ጠንካራ ካርቶን ነው፤ ይህን ከጣውላውና ከስፖንጁ ሥር ሲያስገባ ወለሉ በዝግታ ይወጣል፣ እግርም መውጣቱን አያውቅም። ከዚያ ምንጣፉን ወጥሮ ይሰካዋል፣ የተረፈውን ጥቂት አስቀርቶ በስለታም ቢላ ይቆርጣል፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ አጥፎ በደነዘ መሮ ክፍተቱ ውስጥ ይከተዋል። ቁርጡ አይታይም፤ የሚታየው የምንጣፉ ፀጉር ብቻ ነው፣ እንደ ተከፈከፈ ሣር ዳር ቀጥ ብሎ። እኔ ከዚህ ሁሉ በጣም የማደንቀው እጥፋቱን ነው። ጥሩ ከታጠፈ መዳፍ ሲያልፍበት ከለስላሳው ወደ ቀዝቃዛው ይሸጋገራል እንጂ አንዳች ጠርዝ አያገኝም።

ይህ ልስላሴ በሰው ጉልበት የተገዛ ነው። አንጣፊዎች ምንጣፍ የሚወጥሩበት አንዱ መሣሪያ ጭራው በጉልበት የሚመታ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ምንጣፍ አንጣፊዎች ከአገሪቱ ሠራተኞች 0.06 በመቶ እንኳ ባይሞሉም በጉልበት ጉዳት ከሚቀርቡት የካሳ ጥያቄዎች 6.2 በመቶው የእነሱ መሆኑን ገልጿል። ተቃራኒውን ግድግዳ ተደግፎ በማንሻ የሚወጥር ረጅም መሣሪያ አለ፤ ጉልበትን ያድናል፣ ምንጣፉንም ይበልጥ ያጠብቃል። ይዞት የመጣ ባለሙያ ካያችሁ ሥራውንም ራሱንም የሚያከብር ሰው ነው።

የአካል ጉዳተኞችን ተደራሽነት የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ2010 የአሜሪካ መስፈርት ለሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በወለል ላይ የሚፈቅደው ቀጥ ያለ የከፍታ ልዩነት 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 13 ሚሊ ሜትር ያለው ተዳፋት ሊሆን ይገባል። የግል ቤት በዚህ አይገደድም። ዳዴ የሚል ሕፃን ወይም በምርኩዝ የሚሄዱ አያት ያሉበት ቤት ግን ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ አይበቃውም።

ስለዚህ ሥራው አለቀ ሲባል ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ካልሲያችሁን አውልቁ። ድንበሩን ከሁለቱም በኩል ቀስ ብላችሁ ተሻገሩት፣ ተንበርክካችሁ በመዳፋችሁ ጫን በሉት። የሚወጋ ካለ በጨዋ ቃል አሳዩትና ያስተካክል። ምንም ካላገኛችሁ ደግሞ ያያችሁትን ሙያ በቃላችሁ ንገሩት፤ የእጁንም ሳትከራከሩ ክፈሉት።