በባሮ ዳር ያለፉ መንገደኞችና መጻሕፍቶቻቸው

ከጎሬ ወደ ቡሬ፥ ከቡሬም በቁልቁለቱ ወደ ቈላው የሚወርድ መንገደኛ የደጋው ብርድ ወደ ኋላው ሲቀር ይሰማዋል። በመጨረሻም ጋምቤላ በባሮ ዳር ተዘርግታ ትቀበለዋለች። በድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃውን ይመለከታል፤ የቀድሞው ወደብ የነበረበትን ስፍራ ጠይቆ ያያል፤ ጀምበር በወንዙ ላይ ስትጠልቅ አይቶ ይመለሳል። ያየውንም የጻፈ እንደ ሆነ፥ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሙቀቱ፥ ስለ አዞውና ስለ ምሽቱ ውበት ብቻ ይሆናል። ይህ ጕድለት ግን የዛሬ መንገደኛ የፈጠረው አይደለም። ከቀደሙት መጻሕፍት የወረሰው ነው።

ከቀደሙት አንዱ ሩስያዊው የፈረሰኛ መኰንን አሌክሳንድር ቡላቶቪች ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1896 ከሩስያ ቀይ መስቀል ጋራ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ ከዚያም ወደ ምዕራብ ተጕዞ «ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ» የሚል መጽሐፍ በ1897 በፒተርስቡርግ አሳተመ። መጽሐፉ ሊመሰገን የሚገባው ነው፤ ደራሲው ያየውን በትጋት ይመዘግባል፥ ኢትዮጵያንም በወዳጅ ዐይን ይመለከታል፥ በዚያ ዘመን ብዙዎች የኤውሮጳ መንገደኞች ያበዙትን ንቀትም አያበዛም። ነገር ግን አርእስቱ ወንዙን ተስፋ ሰጥቶ ሳለ፥ የመጽሐፉ ትልቁ ክፍል የደጋው ነው፤ የኦሮሞና የአማራ ኑሮ፥ የመንግሥቱ ሥርዓት፥ የሠራዊቱ አኳኋን በሰፊው ይተረካል። ባሮ ግን የመንገዱ መጨረሻ ሆኖ ይቀራል። ለወታደር ወንዝ ወሰን ነው፤ በወሰኑም ላይ ሰው እንደ ተወለደ፥ እንዳረሰና እንደ ዘፈነ ለማሰብ ጊዜ የለውም።

ቡላቶቪች ኋላ ሰይፉን ትቶ በአቶስ ተራራ መንኵሷል፤ አባ አንቶኒ ተብሎም ስለ እግዚአብሔር ስም ክብር እ.ኤ.አ. በ1912 እና በ1913 በተነሣው ብርቱ ክርክር ከመሪዎቹ አንዱ ሆኗል። ስም ባዶ ድምፅ አይደለም ብሎ እንዲህ የተከራከረ ሰው የባሮን ዳር በመነኵሴነቱ ዘመን አይቶት ቢሆን ኖሮ ምን በጻፈ ነበር? በወጣትነቱ ዘመን በነበሩት መጻሕፍትና ካርታዎች አኝዋዎች «ያምቦ» እየተባሉ ይጠሩ ነበርና፤ ይህም ስም እነርሱ ለራሳቸው ያወጡት አይደለም፥ የጎረቤት አጠራር ነው።

ከእርሱ በኋላ በሱዳን በኩል የመጣው እንግሊዛዊ የመሐንዲስ ጦር መኰንን ሄርበርት ኦስቲን ደግሞ ወሰን ለመለካት ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1902 መጽሐፍ አሳተመ። ስለ እርሱ ብዙ ማለት አያሻም። በሁለተኛው ጕዞው ረኀብ ሰዎቹን የፈጀበትን ታሪክ ያነበበ ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ ዳሩ ግን በአርእስቱ ላይ «ረግረጎች» እና «ግዙፋን» ጐን ለጐን መቀመጣቸው ብቻ ደራሲው ሰውንና ምድርን በአንድ መዝገብ እንዳገባቸው ያሳያል።

ኦስቲን መጽሐፉን ባሳተመበት ዓመት፥ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋሉ። በውሉም ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ፥ በወንዙም በኩል ከ2000 ሜትር የማያልፍ ምድር ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ለፖለቲካም ለጦርም ሥራ እንዳይሆን ተከለከለ። ጣቢያው በጋምቤላ ቆመ። ከካርቱም በነጭ ዐባይና በሶባት የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና አቡጀዲ አራግፈው ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይጭኑ ጀመር። ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1935 ስለ ነበረው የጋምቤላ ንግድ ያጠኑት ጽሑፍ አንድም የጀምበር ጥልቀት አያወራም፤ ነገር ግን ያንን ያነበበ ሰው በወንዙ ዳር ሲቆም ከማንኛውም ውብ ገለጻ ይልቅ ብዙ ነገር ያያል።

የእንግሊዙ ሊቅ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ አኝዋ አገዛዝ ያሳተመው መጽሐፍ በሱዳን በኩል ባሉት አኝዋዎች ላይ የተመሠረተ ቢሆንም የጐደለውን በብዙ ይሞላል። በዚያ መጽሐፍ ሰዎቹ ግዙፋን አይደሉም፤ የመንደር አለቃ የሚሾሙ፥ የሚሽሩ፥ የነገሥታት ልጆቻቸውም ስለ ክብር ዶቃ የሚፎካከሩ ሕዝብ ናቸው። ደራሲው በጦርነቱ ጊዜ አኝዋዎችን እየመራ ኢጣሊያንን በዚያው ወሰን ላይ ወግቷል። ብርቱ ሥራ ነው። ቢሆንም እርሱም ለእንግሊዝ መንግሥት ያገለግል ነበርና፥ አንባቢ ይህን ሳይዘነጋ ሊያነበው ይገባል።

ኢጣሊያ በ1933 ዓ.ም. ከጋምቤላ ወጣ፤ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ደግሞ ውሉ አልቆ ጣቢያው ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ ስለ ጋምቤላ የሚጻፉት የጕብኝት ጽሑፎች ይህን ሁሉ «ታሪካዊ ወደብ» በሚሉ ሁለት ቃላት ጠቅልለው ያልፋሉ። የበለጠ የሚያስቆጨው ደግሞ ይህ ነው፤ መንገዱ ስለሚደርቅለት ጐብኚ የሚወደው በጋውን ነው። ቡላቶቪችም የወረደው በበጋ ነበር። በበጋ ባሮ ይጐድላል፥ አሸዋውም ይወጣል፤ ይህን ያየ ሰው በዚህ ውሃ ላይ መርከብ ሄደ ሲሉት ፈገግ ይላል። የወደቡ ዘመን ግን ክረምት ነበር። ነጋዴው ቡናውን መንገድ ሳይጨቀይ ከጎሬ በበቅሎ ያወርዳል፥ በመጋዘን ያስቀምጣል፥ ከዚያም በወንዙ ዳር ሆኖ ውሃው እስኪሞላ ይጠብቃል። ጐብኚው ሥዕል የሚያነሣው አሸዋ ነጋዴው ዝናብ እስኪሸፍነው በየጧቱ ይመለከተው የነበረው አሸዋ ነው።